ለጀልባ አጥንት የሚሆን ቱቦ

በየቀኑ አጠገቡ የምታልፉት ነገር አንድ ቀን በድንገት አላሳልፍ ብሏችሁ ያውቃል? እኔን ለብዙ ወራት እንዲህ አድርጎኛል። የያዘኝ ነገር ቱቦ ነበር። የአውቶቡስ መቀመጫ መደገፊያ፣ የመጥረጊያ እጀታ፣ የባሕር ዳርቻ ጥላ ምሰሶ፣ የጎረቤት ምርኩዝ፣ አንዱንም ሳልነካና ሳልለካ አላልፍም ነበር። ማስመሪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ስፋቱን እመዘግባለሁ። አንድ ሾፌር በመስተዋቱ ሲመለከተኝ ቆይቶ፣ «መምህርት፣ አውቶቡሱን ልትገዢው ነው?» ብሎኛል።

ነገሩ የጀመረው ማሪና፣ የመዝናኛ ጀልባዎች የሚቆሙበት ወደብ፣ ላይ ነው። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በወደብ ከተማዋ በአሽዶድ አንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ በውሃው ዳር ስሄድ አንድ ሰው ከመኪናው ሁለት ቦርሳ አወረደ። ከአንዱ ቦርሳ አጫጭር ቱቦዎች አወጣና እያሰካካ መገጣጠም ጀመረ። ድንኳን የሚተክል መሰለኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ከፊቴ የቆመው ረጅም፣ ጎድኑ የሚታይ፣ እንደ ዓሣ አጽም ያለ ነገር ነበር። ከሌላው ቦርሳ ወፍራም ሸራ አውጥቶ አለበሰው። ከዚያ ውሃ ላይ አስቀመጠውና ተቀመጠበት። አምስት ጥያቄ ጠየቅሁት፤ ሦስቱን መለሰልኝና ቀዝፎ ሄደ።

የቀሩትን ሁለት ጥያቄዎች ይዤ ቤቴ ገባሁ። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ዓይነት ጀልባ በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች የጻፉትን አገኘሁ፤ እንግሊዝኛ ነው፤ አሥራ ሁለት ገጽ አትሜ በፋይል ውስጥ አደረግሁት። አሠራሩ ሲገባኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ የሚሄዱ ረጃጅም ቱቦዎች አሉ። እነሱን በየመካከሉ አራርቀው የሚይዙ የጎድን አጥንቶች አሉ። ሸራው በላያቸው ተወጥሮ ይለብሳል። ግንድ አይቦረቦርም፣ ሳንቃ በሳንቃ አይገጠምም። አጥንትና ቆዳ ብቻ ነው። ታዲያ ጀልባው ደህና መሆኑ የሚታወቀው በአጥንቱ ነው፤ አጥንቱ ደግሞ ቱቦ ነው። እኔ ስለ ቱቦ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ስለ ብረት የሚያውቅ ሰው ግን አውቅ ነበር።

አባቴ ባለ እጅ ነበሩ። በጎንደር ገጠር ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ይሠሩ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ስንነሣ መዶሻቸውንና ወናፋቸውን ለጎረቤት ትተው ወጡ፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ አገር ስንመጣ ደግሞ የያዝነው የለበስነውን ብቻ ነበር። እኔ ሰባት ዓመቴ ነው። አሽዶድ ከገባን ጀምሮ አባቴ በወደቡ አጠገብ አንድ መጋዘን ሲጠርጉና ሣጥን ሲደረድሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ብረት ሲያግሉ አላየኋቸውም። ከልጅነቴ የቀረኝ የወናፉ ትንፋሽ ድምፅ ነበር፤ እሱንም በእርግጥ ሰምቼው ይሁን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ጀልባውን የእውነት ፈልጌዋለሁ። ከጀልባው የበለጠ የፈለግሁት ግን አባቴ አንድ ጊዜ እንኳ እንደገና በእሳት ፊት ተቀምጠው ሲሠሩ ማየት ነው። እምቢ ቢሉ፣ ወይም ጀምረው ቢተዉት፣ ሁለተኛ የምጠይቅበት ሰበብ አልነበረኝም።

ወላጆቼ የሚኖሩት ሮቫ ቤት በሚባል ሰፈር በአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ ከኋላው ትንሽ ግቢ አለው። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«አባ፣ ጀልባ ልሠራ ነው።»

«ከምን?»

«ከአሉሚኒየም።»

«ከድስት?»

«ድስት አይደለም አባ። ቱቦ ነው።»

«እኔ ውሃ አልወድም።»

«አንቱ ውሃ ውስጥ አይገቡም። ቱቦውን ብቻ ይምረጡልኝ።»

እናቴ ከወጥ ቤት ሆና፣ «ትዳር ምረጡልኝ ብትል ይሻል ነበር፤ ቱቦ!» አለች። አባቴ አልሳቁም። «የቱቦው ሱቅ በስንት ሰዓት ይከፈታል?» አሉኝ።

ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ግን የራሴን ስብስብ አሳየኋቸው። የዳስ በዓል ገና አልፎ ነበር። ከበዓሉ በኋላ የሮቫ ዩድ ሰዎች፣ እኔ በኪራይ የምኖርበት ሰፈር ነው፣ የተጣመመውን የዳስ ምሰሶ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያቆሙታል። እኔም ስምንት ቱቦ ሰብስቤ፣ በቁጥር ምልክት አድርጌ፣ በመስመር ደርድሬ ነበር። አባቴ እያነሡ ጣሉ። «ይህ ብረት ነው፤ ይከብድሻል፤ ይዝግብሻል። ይህም ብረት ነው። ይህ…» አንዱን ቀጭን አሉሚኒየም ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጫን ሲሉት ታጠፈ፤ ሲለቁትም እንደታጠፈ ቀረ። «ይህ ታዛዥ ነው። አንቺ ስታዥው እሺ ይልሻል፤ ማዕበልም ሲያዘው እሺ ይለዋል።»

እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ፤ ለአባቴም በደስታ አስረድቻቸዋለሁ። ብቻውን ያለ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። ትንሽ ማግኒዥየምና ትንሽ ሲሊኮን ሲቀላቀልበት፣ ከዚያም በፋብሪካ ሙቀት በልክ ሲሰጠው፣ ይጠነክራል፤ ሲጎብጥ ተመልሶ ይቀናል። ሁለቱ በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚናገረው ጎናቸው ላይ የታተመ ቁጥር ነው። የእኔ ገጾች ቁጥሩን አይታችሁ ግዙ ይላሉ።

አባቴ እስክጨርስ ሰሙኝ። «ብረትም እንዲሁ ነው» አሉ። «ቁጥር ግን የለውም።»

በፋብሪካው ሰፈር ያለው ሱቅም ቁጥር አልነበረውም። ባለቤቱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ወፍራም ሰው ነው። ቁጥሩ የት ነው የታተመው ብዬ ስጠይቀው፣ በዕብራይስጥ፣ «የኔ እመቤት፣ ስድስት ሜትር ቱቦ ነው፣ ፓስፖርት የለውም» አለኝ። ለመጋረጃ እንደሆነ ጠየቀ። ለጀልባ ነው ስለው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

«ብትሰጥሚ ቱቦውን ማን ነው የሚመልስልኝ?»

አባቴ በዚህ መካከል ሲባጎ ለምነው አግኝተዋል። አንዱን ቱቦ ከጫፉ ትንሽ ገባ ብለው አሰሩና ከመደርደሪያው አንጠለጠሉት። ከኪሳቸው የቤት ቁልፍ አውጥተው ነካ አደረጉት። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረጉ፤ ሦስተኛውንም። በየመካከሉ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«ሳባ፣ ጊታር አይደለም እኮ የምሸጠው!» አለ ባለ ሱቁ። ሳባ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው።

«ዝም በል፣ ሰውየውን እየሰማሁ ነው» አሉት አባቴ በዕብራይስጥ። ሰውየው ያሉት ቱቦውን ነው።

ባለ ሱቁ ዝም አለ። ዝም ብቻ ሳይሆን ጆሮውን አስጠጋ። አንዱ ቱቦ ሲነካ ድምፁ ቶሎ ይሞታል። ሌላው ግን ዚ… ብሎ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አለቀ ስትሉ ገና አላለቀም። አባቴ ይህን ለይተው አስቀመጡ። ከአሥራ አንድ ቱቦ አራት መረጡ።

እኔ ግን ጆሮ ብቻውን አላሳመነኝም። የሳይንስ መምህርት ነኛ! ሁለት ወንበርና አንድ ባልዲ ውሃ ተዋስሁ። አባቴ የጣሉትን አንድ ቱቦና የመረጡትን አንድ ቱቦ፣ ስፋታቸውም የጎናቸው ውፍረትም እኩል መሆኑን ከለካሁ በኋላ፣ በየተራ በወንበሮቹ ላይ አጋድሜ ባልዲውን በመካከላቸው ሰቀልሁ። ከጓሮ ሁለት ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው መጡና ተወራረዱ። የተጣለው ቱቦ ባልዲው ሲወርድለት ሁለት ጣት ያህል እንደጎበጠ ቀረ። የተመረጠው እንደ ቀስት ተመልሶ ቀና።

«ሳባ ሥራ ይፈልጋል ወይ?» አለኝ ባለ ሱቁ።

«ጡረታ ወጥቷል በይው» አሉ አባቴ። ግን ቱቦዎቹን በትከሻቸው ተሸክመው ሲወጡ አካሄዳቸው ሌላ ነበር። የአውቶቡሱ ሾፌር ይህን ይዛችሁ አትገቡም ስላለን እስከ ቤት በእግር ሄድን፤ እሳቸው ፊት፣ እኔ ኋላ፣ ቱቦው በመካከላችን እየተወዛወዘ። ሰው ሁሉ ያየን ነበር፤ እሳቸው ግን ማንንም አላዩም።

ረጃጅሞቹን ቆርጠን መግጠም አልከበደንም። የከበደው አፍንጫው ነው። በጀልባው ሁለት ጫፍ ላይ ቱቦው ወደ ላይ መጉበጥ አለበት፤ ጠንካራ ቱቦ ደግሞ ሳይሞቅ ሲያጎብጡት ይሰነጠቃል ወይም ይጨመደዳል። ስለዚህ ሆዱ በአሸዋ ይሞላል፣ ጫፎቹ በእንጨት ውታፍ ይደፈናሉ፣ የሚጎብጠው ቦታ በእሳት ይለሰልሳል። አሸዋው ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥበት ካለው በእንፋሎት ይፈነዳል። አሽዶድ ውስጥ አሸዋ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። አንድ ባልዲ አምጥቼ፣ አጥርቼ፣ በእናቴ ምድጃ ውስጥ በትሪ ሁለት ሰዓት አደረቅሁት። እናቴ እስከ ዛሬ ዳቦዋ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል ትላለች።

የመረጥነው ቀን ዓርብ ነበር፤ ትምህርት በጊዜ ይለቀቃል። አባቴ ከጠዋት ጀምረው አዘጋጅተዋል። ግማሹ የተቆረጠ የቆርቆሮ በርሜል፣ ለሥጋ ጥብስ የሚሸጠው ከሰል፣ እንደ ጉጠት የሚይዙበት ረጅም ፒንሳ። ወናፉ የእህቴ የፀጉር ማድረቂያ ነበር፤ ገመዱ በመስኮት ወጥቷል። እሳቱ ሲቀጣጠል ከሁለተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ የሞሮኮዋ ጎረቤት፣ «ጭሱ ደርሶናል፣ ሥጋውስ?» ብላ ጮኸች።

አባቴ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ጀርባቸው ቀና አለ። መጋዘኑን ሲጠርጉ የማውቀው ጀርባ አይደለም። ቱቦውን ፍሙ ላይ አድርገው በቀስታ ያዞሩታል፤ ዓይናቸው ከእሱ አይነሣም።

«ገና ነው» አሉ።

የፀጉር ማድረቂያው ያጉረመርማል። ቱቦው እንደ በፊቱ ነጭ ነው፤ ብርማ ነው።

«ገና ነው።»

ምን እየጠበቁ እንደሆነ ገባኝ። ብረት ሲግል ይናገራል። መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ እንደ ደረቀ ደም ይሆናል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ከዚያ ወደ ብርቱካን ይሄዳል። ባለ እጅ ሙቀቱን የሚያነበው ከቀለሙ ነው። አባቴም ቀለሙን እየጠበቁ ነበር። አሉሚኒየም ግን ቀለም አይሰጥም። ሳይቀላ ይለሰልሳል፣ ሳይቀላ ይቀልጣል። ይህ በገጽ ሰባት ላይ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ። በቀይ እስክርቢቶ አስምሬበታለሁ።

ዝም አልሁ። ቀኑን ሙሉ ስለ ሁሉ ነገር የማብራራ ሰው፣ ተማሪዎቼ «በቃ ገባን!» እስኪሉኝ ድረስ የምደጋግም ሰው፣ ዝም አልሁ። በእኛ ቤት ልጅ አባቱን በገዛ ሙያው አያርምም። ባለ እጅን ስለ እሳት ማን ይነግራል? ያውቁ ይሆናል አልሁ። ደግሞ እንደዚያ ተቀምጠው ሳያቸው ቃል ከአፌ ቢወጣ የሚሰበር ነገር ያለ መሰለኝ።

«ገና…» አሉ፣ ቱቦውም እንደ ራሰ እንጀራ እጥፍ ብሎ ፍሙ ውስጥ ወደቀ። በቀለጠው ጎን አሸዋው ፈሰሰ።

አፍኜ የያዝሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። «አባ፣ አሉሚኒየም እኮ አይቀላም! የመቅለጫው ሙቀት ዝቅተኛ ነው፣ ስለዚህ ብርሃን ከመስጠቱ በፊት…»

አባቴ ፒንሳውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ታውቂ ነበር?»

«አንብቤ ነበር።»

«መቼ?»

«ከወር በፊት።»

«እና ቁጭ ብለሽ አየሽኝ?»

ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። እናቴ በመስኮት፣ «ሰንበት እየገባ ነው፣ እሳቱን አጥፉት» አለች። ውሃ አፈሰስሁበት። አባቴ ወደ ቤት ሲገቡ፣ «ለዚህ የሚሆን ሌላ ሰው ፈልጊ» አሉኝ። በቁጣ አይደለም የተናገሩት፤ በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በአባቴ ቤት በሰንበት፣ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ፣ ስለ ሥራ አይወራም። ሥራ መሥራት ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራ ማውራትም የለም። እኔ እዚያው አደርሁ። በማግስቱ አባቴ ጸሎት ሄደው መጡ፣ ባረኩ፣ በላን። ግቢው ውስጥ የቀለጠው ቱቦ እንደወደቀ ነው፤ ማንሣትም አይቻልም። እኔ ግን የምላቸውን አዘጋጅቼ ነበር፤ በሦስት ነጥብ። አንደኛ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ ሁለተኛ የብረቱ ጠባይ ነው፣ ሦስተኛ እኔ ያልተናገርሁት ስለማከብራቸው ነው። መናገር ስላልተፈቀደልኝ ነጥቦቹን በልቤ እያገላበጥሁ ዋልሁ። እያገላበጥሁም ረገፉ። አንደኛውና ሁለተኛው ለእሳቸው ምንም አይጠቅሙም። ሦስተኛው ደግሞ እውነት ሆኖ ሳለ ሰበብ ነበር። ማታ ላይ የቀረኝ ይቅርታ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳልናገር ወደ ቤቴ ሄድሁ።

እሑድ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው፤ አምስት ክፍለ ጊዜ አስተማርሁ፤ ምን እንዳስተማርሁ አላስታውስም። ከሰዓት በኋላ ሮቫ ቤት ስደርስ አባቴ ግቢው ውስጥ ነበሩ። የተበላሸውን ጫፍ በመጋዝ እየቆረጡ ነው።

«አባ፣ ይቅርታ…»

«ወረቀቱን ይዘሻል?»

«የቱን?»

«ያን ሁሉ የሚያውቀውን። ቁጭ በይና አንብቢልኝ። አንድም ቃል እንዳታስቀሪ።»

አሥራ ሁለቱን ገጽ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁ። በየመካከሉ ያስቆሙኛል። «ይሄ ሰውዬ ሠርቶት አያውቅም» ይላሉ፤ ወይም «ይሄኛው ያውቃል፣ ድገሚው» ይላሉ። ገጽ ሰባት ላይ ስደርስ ቀዩን መስመር በጣታቸው ነኩት።

«አክብረሽኝ ነው። አውቃለሁ። ግን አክብሮትሽ ቱቦዬን አቀለጠብኝ። ሁለተኛ እንዲህ እንዳታከብሪኝ።»

«እሺ አባ።»

«ስንት ነው ሙቀቱ? ብዙ ነው?»

«አይደለም። ከመቅላት በጣም በታች ነው። በዓይን አይታይም።»

«ከመቅላት በታች?» አሉ። «እንዲህ አትይኝም! የቢላዋ ስለት እንዳይሰበር ዳግም በለዘብተኛ እሳት ሲመለስ እኮ ያ ነው። ለእሱ መቼ ዓይን እንጠቀማለን?»

ተነሥተው ከአጥሩ ሥር አንዲት ደረቅ የሎሚ ጭራሮ አነሡና ልጧን ላጡ። እሳቱን አነደድን፤ የፀጉር ማድረቂያውን እኔ ያዝሁ። ቱቦው ፍሙ ላይ ሲዞር በጭራሮዋ ጫፍ ጎኑን ጫር ያደርጉታል፤ ምንም አይታይም። ያዞሩታል፣ ይጭሩታል። ምንም የለም። ከዚያ ጭራሮዋ የሆነ ሳሙና የተቀባ ነገር ላይ እንደምትሄድ መንሸራተት ጀመረች፤ ከኋላዋም ቀጭን ቡናማ መስመር ቀረ። ቱቦው ያልሰጠንን ቀለም እንጨቱ ሰጠን። ማብራራት እችላለሁ፤ እንጨት የሚከስልበት ሙቀትና ይህ ቱቦ የሚለሰልስበት ሙቀት ይቀራረባሉ። ያን ጊዜ ግን አላብራራሁም፤ አፌን ከፍቼ ነበር የማየው።

«አሁን!» አሉ።

አውጥተው ጨርቅ በተጠመጠመበት ወፍራም ግንድ ላይ አስጠጉትና በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው ሳቡት። ውስጡ ያለው አሸዋ ተንጫጫ። ቱቦው ሳይጨመደድ፣ ሳይሰነጠቅ ጎበጠ፤ የጀልባ አፍንጫ ሆነ። የጎበጠው ቦታ ጥንካሬውን በከፊል እንደሚያጣ ወዲያው ነገርኋቸው። «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው» አሉኝና በውስጡ አጠር ያለ ቱቦ ሰክተን ደገፍነው።

ለሁለተኛው ጫፍ በርጩማዋን ለእኔ ለቀቁልኝ። ፒንሳውን እኔ ያዝሁ፣ ጭራሮዋንም እኔ።

«ደረሰ?» አሉ ከኋላዬ ቆመው።

«ገና ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አልተንሸራተተችም።»

«ቀጥይ» አሉ፣ የፀጉር ማድረቂያውን ወደ ፍሙ እያስጠጉ።

እናንተም እስኪ ሞክሩት። አንድ ክንድ የምታህል የአሉሚኒየም ቱቦ ቁራጭና አንዲት ደረቅ ጭራሮ ፈልጉ። ከእናንተ የሚበልጡ፣ እሳት የሚያውቁ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጡ። ይህ ነገር እንደማይቀላ አስቀድማችሁ፣ ሳታፍሩ ንገሯቸው። ከዚያ ዝም በሉና እሳቸው የሚሉትን ስሙ።